ሰብስቤ ቤት ወራጅ አለ

ዓለምገና፣ ጅማ መንገድ፣ ከጎሚስታው ትንሽ አለፍ ብሎ፣
ረዳቱ ይጮሃል፣ ግማሽ ገላው ከደጅ ተንጠልጥሎ፦
«ሰብስቤ ቤት ወራጅ አለ?»
አለ። ሰው ይወርዳል። ቤቱን ግን ማንም አልጠየቀም፣ የታለ።
ዘጠኝ ዓመት ሆነው ከተዘጋ፤
ግማሹን መንገድ በላው፣ ግማሹ ቀረ ሲያዛጋ።
ልጁ ስሙን ለመደው እንጂ አንድ ቀን አልበላበት፤
ገና ፊደል ሲቆጥር ነው ድስታችን የተደፋበት።

አባቴ ነበር ወጥ ሠሪ፣ እናቴ ሒሳብ ተቀባይ።
«ወንድ ልጅ ጓዳ ይውላል ወይ?»
ሲሉት፣ ማማሰያውን እንደ ጠመንጃ አንግቶ፣
«ሻለቃ ሙሉ የመገበ፣ ለእናንተ ያፍራል ሠርቶ?»
ስሙ ግብሩን አልካደውም፤ ሰብስቤ፣ ሰብሳቢ ነበረ፤
ለስድስት በተሠራ ጠረጴዛ አሥር ሰው ያሳፈረ።
ሌሊት ቅቅሉን ይጥዳል፣
ለምሳው ቀዩን ያሰናዳል፤
ሾፌሮቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው፣
መረቁን ፉት፣ «እፎይ» ብለው፣
ስለ ጊቤ ቁልቁለት ያወጋሉ፤ ስለ ፍሬን፣ ስለ ጉም፣
ስለቀሩትም፣ በስም በስም።

ከዚያ ቀይ ቀለም መጣ፤ ግድግዳችን ላይ ምልክት።
አባቴ በእርጥብ ጨርቅ ፈተገው፣ እንደ ወጥ ፍንጣቂ፣ እንደ እድፈት።
አልለቀቀም።
እሱም ዓመት አልቆየ።
ሐኪሙ «ልብ ነው» አለ። እኛ «መንገድ ነው» አልን፤ ማን አየ?

ዛሬ ማታ የቀረችው ክፍል ውስጥ፣ በባትሪ፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጠን፣
በውሃ ቢል ጀርባ ላይ ቤቱን ሠራን፣ አፈረስን፣ ሠራን።
ምስማሩ ግድግዳው ላይ አለ፣ የሾፌር ኮፍያ ሲጠብቅ ዝጎ።
ነጋሽ «ሎንጅ ይሁን» ይላል፣ «ቀይ መብራት፣ የቆዳ ሶፋ፣
ሜኑም በስልክ ይነበብ፣ ወረቀት በከንቱ አይጥፋ።»
ምንትዋብ ሳቀች፦ «ሾፌሩን ከሶፋው ላይ ማን ያነሣዋል?
ወጡ ሳይደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል።»
እናቴ ዝም ብላ የዱቤ ደብተሯን ትገልጣለች፤
«ይሄ አርባ ሁለት ብር አለበት። ይሄኛው ሞቷል። ይሄን ምሬዋለሁ» ትላለች።
«ቆይ፣ በርበሬውስ?» አልኩ፣ «ስንት ነበር ለአንድ ድስት?»
ሁላችን ተያየን። ሊከፈት ያለ ወጥ ቤት፣
ወጡን የሚያውቅ የለበት።

ሙዳይን ፈለግናት፤ ሳህን ታጥብልን የነበረች፣
አሁን ሰበታ ባጃጅ ትነዳለች።
ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ ሰማችን።
«ስንት የሚሉት የለም እኮ፤ በአፍንጫ ነው» አለችን።
«ጋሼ እየጨመሩ ያነጥሳሉ። አንዴ፣ ገና ነው።
ሁለቴ፣ ገና ነው።
ሦስተኛው ላይ እኔ ‹ይማርዎ› ስል፣ እሳቸው ‹ያኑርሽ› ብለው
ክዳኑን ግጥም። በቃ፣ ያ ነው።»

ምንትዋብ ከሲሚንቶውና ከቆርቆሮው ዋጋ ሥር ጻፈች፦
«በርበሬ፣ ሦስት ማስነጠስ።»
እናቴ አነበበችው። ቀስ ብላ፣ መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ስታብስ፣
«ይማርህ» አለች።

ፈቃዱ ገና ነው። ቆጣሪው ገና። ብድሩም፣ በሩም ገና።
የሰፈሩ ስም ያውቅብናል፤ ዓለም፣ ገና።

ድሮ ታክሲ ውስጥ ያ ጥሪ ሲሰማ አንገቴን እደፋለሁ፤
አልፌ ማደያው ጋ ወርጄ፣ በእግሬ እመለሳለሁ።
ዛሬ ጠዋት ልጁ ገና «ሰብስቤ ቤት» ከማለቱ፣
«አለ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሁሉ ዞረ፣ ደነገጠ ረዳቱ።
ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ቁልፉን ከቦርሳዬ ስፈልግ፣
ታክሲው ቆሞ ይጠራኛል ለካ፤
ልጁ በመስኮት ወጥቶ፣ የተጣጠፈ አሥር ብር እያውለበለበ፦
«እህት! መልስ አለሽ እኮ!»